የሚጾም ፍሪጅ

ዐቢይ ጾም ሲገባ እኛ ሰፈር፣ ቀራንዮ ውስጥ፣ ከሰው እኩል የሚጾመው ፍሪጅ ነው። ሥጋው ካለቀ፣ ወተቱ ከተጠጣ ባዶ ሣጥን ማቀዝቀዝ ምን ይሠራል? ይነቀላል፣ ይታጠባል፣ እንዳይሸትም በሩ ገርበብ ይደረግና እስከ ፋሲካ አፉን ከፍቶ ይከርማል። ሌላውን ጾም የምናፈርስ እንኳ ይህችን አንስትም። እናንተ ቤት እንዲህ ካልሆነ ወይ ሀብታም ናችሁ፣ ወይ መብራት የሚከፍልላችሁ ሰው አለ።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለም አምና ጾሙ በገባ ሰኞ ፍሪጃቸውን ነቀሉ። ውስጡ ልጃቸው ምሕረት ያስቀመጠቻት ትንሽ ብልቃጥ ነበረች።

ምሕረት ለዶሮ መኖ የሚጨመር አሚኖ አሲድ እዚሁ ለመሥራት ዓመታት ደክማለች። እሱ ያነሰው ጫጩት ቢበላም እንደ ልብ አያድግም፤ እኛም ከውጭ በጆንያ እናስመጣለን። "ጋሼ፣ የውጭዎቹ በኃይለኛ ሙቀትና በመርዝ የሚሠሩትን ኢንዛይም ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይሠራዋል" ትለኝ ነበር። ኢንዛይም ሆዳችን ውስጥ እንጀራውን ድምፁን ሳያሰማ እንደሚፈጨው ያለ ነገር ነው። ሥራው እስኪደርስ ግን ብርድ ይፈልጋል። የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ተቃጥሎ ሌላው ሁሉ ሲበላሽ የተረፈችው ያቺ ብልቃጥ ብቻ ነበረች። በሳምንቱ ለአለቆቿ ሠርታ ካላሳየች ምርምሩ ይዘጋል። የተከራየችው ክፍል ፍሪጅ ስለሌለው እናቷ ዘንድ አምጥታ "ማንም እንዳይነካብኝ" አለች። ፍሪጅ ውስጥ ያለን ዕቃ "ይቀዝቅዝ" ብሎ አደራ የሚል የለም።

እትዬ አስካለ አልጣሏትም። የልጅ ድካም ይጣላል እንዴ! ከቤቱ ሁሉ የከበረውን ቦታ መርጠው፣ ከሥዕሉ ሥር ከጸበሉ ጎን፣ ፀሐይ በምታርፍበት መስኮት ላይ አኖሯት።

ምሕረት እሑድ መጣች።

"እማዬ፣ እዚህ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሰኞ ጀምሮ ነው ልጄ። ማንም አልነካብሽም።"

ልጅቷ ብልቃጧን አንስታ ይዛ ወጣች። ብትጮህ ደስ ባለኝ። በነጋታው ሞከረችው፤ አልሠራም፤ ምርምሩም ተዘጋ። አሁን አስኮ አንድ መኖ መደብር ውስጥ ያንኑ የውጭውን ጆንያ ትሸጣለች። የሚወቀስ ሌባ ወይም ምቀኛ ቢኖር እንዴት በቀለለኝ! ያጠፋችው ግን ከማንም አብልጣ የምትወዳት እናቷ ናት። እኔ በበኩሌ ምርምሩ ዳግም ይከፈታል ከማለት ተስፋ ቆርጫለሁ።

ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ አፉን ከፈተ። የእትዬ አስካለ ግን ያጓራል።

"እትዬ፣ ዘንድሮ ፍሪጁ አይጾምም እንዴ?" አልኳቸው።

"ምናልባት ልጄ የምታስቀምጠው ነገር ካመጣች ብዬ ነው" አሉኝ።

ገለጥ አድርጌ አየሁት። መደርደሪያው ጥርት ብሎ ታጥቧል፤ ባዶውን ይቀዘቅዛል።