«አልተገኘም» የምትል ወረቀት

በአማርኛ ውስጥ እንደ «አልተገኘም» ያለ ጨዋ ቃል የለም። ማንንም አይከስም። ለጉዳይ ወደ ክፍለ ከተማው ብቅ ብላችሁ ኃላፊውን ብትጠይቁ፣ ጃኬታቸው ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ያልጠጡት ሻይ እየጨሰ፣ «ዛሬ አልተገኙም» ትባላላችሁ። ወጡ አይደለም፣ ቀሩ አይደለም፤ አልተገኙም። ማን ፈልጎ እንዳጣቸው፣ የት የት እንደፈለጋቸው አትጠይቁም። እኔም ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። የኔው ግን በኃላፊ ጉዳይ አይደለም፤ በእህቴ ደም ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሰው አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሰው መጽሐፍ ስደረድር ኖሬ ወደ ሰፈሬ ወደ ቁስቋም የተመለስኩት፣ ታናሽ እህቴ የሺ የደም ካንሰር ይዟታል ተብዬ ነው። ከደረደርኩት ያላነበብኩት ጥቂት ነው። ይህንንም ላገኘሁት ሰው ሁሉ እናገራለሁ። ሰፈሩ ችሎኛል።

ከአውሮፕላን ስወርድ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ጠበኛዬም የታወቁ ናቸው፤ የየሺ የንስሐ አባት። ጸበሉን ጠጪ፣ ኪኒኑን ተዪ ይሏታል ብዬ መልሴን በቃሌ አጥንቼ ነበር። ለካ ቄሱ ጸበሉንም ኪኒኑንም አታቋርጪ ብለዋታል። እንዲያውም ገና ሲተዋወቁኝ፣ ኪኒኗን እንዳትረሳ አስታውሷት አሉኝ። ያን ሁሉ ንግግር ይዤ ቀረሁ። ተቃዋሚ እንኳ የማይዋጣልኝ ሰው ነኝ።

የሺን የያዛት ቶሎ የሚገድለው ዓይነት አልነበረም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችን። በየሴሉ ውስጥ የሰውነት መመሪያ የተጻፈባቸው ክሮች አሉ። ከእነዚያ ሁለቱ ይበጠሱና፣ ቁራጮቻቸው ተለዋውጠው ይጣበቃሉ። ያ የተሳሳተ መጋጠሚያ ነጭ የደም ሴሎች ያለ ልክ እንዲባዙ ያዛል፤ ኪኒኑ ትእዛዙን ያፍናል። ከዚያ በየጥቂት ወሩ ደም እየተቀዳ፣ መጋጠሚያው ምን ያህል እንደቀረ በመሣሪያ ይለካል። ይህ ሁሉ የሺን አላሳሰባትም። ያሳሰባት ኪኒኑ ነው። ሆዷን ይገለብጠዋል፤ ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ያሳብጠዋል። «ሰው ሲያየኝ ሳለቅስ ያደርኩ ይመስለዋል፣ እትዬ» ትለኛለች።

በስድስተኛው ወር የመጀመሪያውን ልኬት ውጤት ከላቦራቶሪ እኛው ተቀበልን። ለሐኪሟ የምናሳየው ከሁለት ሳምንት በኋላ በቀጠሯችን ነበር። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንባቢዋ ደግሞ አለሁ። መነጽሬን አደረግኩ። «አልተገኘም» ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ምርመራው የሚፈልገው የተለመዱትን ዓይነቶች ብቻ ነው የምትል። የግርጌ ማስታወሻ ሳላነብ መጽሐፍ የማልዘጋ ሴት፣ ያን ቀን ዘለልኳት።

«ድነሻል» አልኳት።

እልል አላለችም። መሬቱን ስማ ተነሣችና፣ ፈራ ተባ እያለች፣ ኪኒኑንስ ታዲያ ምን ላድርገው ብላ ጠየቀችኝ። የመለስኩላትን ቃል በቃል ልጻፈው።

«ከሌለ፣ ለማን ነው የምትውጪው?»

አነጋገሬ ሲያምር ደስ ይለኛል።

የቀጠሮዋን ቀን ሽሮ ሜዳ ነጠላ ስንመርጥ ዋልን። የዓይኗ እብጠት ጠፍቶ ቆንጅታ ነበር። ቄሱ ብቻ፣ ሐኪሟ ናት አቁሚ ያለቻት ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቱን ራሴ አንብቤዋለሁ አልኳቸው። እሳቸውም ለተማረ ሰው እንደሚደረገው ራሳቸውን ዝቅ አድርገውልኝ ሄዱ።

ክረምቱ ሲወጣ የሺን ግራ ጎኗ ከበዳት። ሁለት ጊዜ ጎርሳ ጠገብኩ ትላለች። ሆስፒታል ስንሄድ ጣፊያዋ አብጧል፤ ነጭ ሴሎቿም ከመጀመሪያው ቀን በልጠው ተገኙ። ሐኪሟ አሮጌውን ወረቀት አገላብጣ አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው ክሮቹ ራሳቸው በማይክሮስኮፕ ታይተው ነው፤ በስድስት ወር ጨርሶ አልተገኘም የሚል ወረቀት ከዚያ ጋር መመሳከር ነበረበት፤ በቀጠሮው ቀን ይዛችሁት ትመጣላችሁ ብዬ ጠብቄአችሁ ነበር አለች። ደሟ ወደ ውጭ አገር ተላከ። መልሱ ሲመጣ፣ የየሺ ዓይነት እምብዛም የማይታይ ሆኖ ተገኘ። ክሩ የተበጠሰው ከተለመደው ቦታ ርቆ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ እዚያ አልፈለገም።

ይህን ለጎረቤታችን ለሸማኔው ለአቶ ወልዴ ሳወራላቸው መወርወሪያቸውን አቆሙ። ሌላ ሰው እንዲህ ቶሎ አልገባውም፤ እኔን ጨምሮ።

«እኔም ድሩ ላይ ቋጠሮ ስፈልግ ጣቴን እዚህ ባሳልፍ፣ ቋጠሮው እዚያ ከሆነ አላገኘሁም እላለሁ» አሉኝ። «የለም ግን አልልም፣ እትዬ። ልብሱ ይበላሽብኛላ።»

የተማሩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጠይቄያቸው ነው ያወቅኩት። ለምን እንደጠየቅኳቸው እግዜር ይወቀው።

ኪኒኑ እንደገና ተጀመረ። አሁን ግን በሽታው እንደ ፊቱ አይታዘዝለትም፤ በተተወበት ወራት ጠባዩን ለውጧል አለች ሐኪሟ። የሺ ወደ ሌላ ጠንካራ መድኃኒት ተዛወረች። መጋጠሚያውም አሁን ቦታው ታውቆ እዚያው ይለካል። ያለፈው ሳምንት የልኬቱ ውጤት ሲመጣ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩና፣ ነገ ሐኪሟ ታነብልሻለች አልኳት።

«አይሆንም እትዬ፣ አንቺው አንብቢው» አለች። «የተጻፈውን ብቻ።»

አነበብኩላት። ተገኝቷል ይላል። ካለፈው ጨምሯል ይላል። ደቃቁን ፊደል፣ የፈራሚውን ማዕረግ፣ ገጽ አንድ ከአንድ የሚለውን ሳይቀር አነበብኩላት። ስጨርስ ይቅር በዪኝ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«ያኔ ድነሻል ስትዪኝ እኮ፣ ያመንኩት ወረቀቱን አይደለም» አለች። «ፊትሽን ነው። ከመጣሽ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም።»

በሦስት ቋንቋ አነብባለሁ። ያን ቀን ፊቴ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ግን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እሱም እስካለች ድረስ ነው።