ፓራሹቱ ከነፌስታሉ

ጎበዝ! የዛሬውን ውርደቴን ከሰው አፍ ሰምታችሁ ከምትስቁብኝ ከራሴ ስሙት። ቪዲዮ ያነሳችው የቀድሞ ባለቤቴ ናት፤ ነገ ሲያትል ሙሉ ያየዋል።

ነገሩ የሮኬት ነው። አዎ፣ ሮኬት! ቆይ፣ ለመሳቅ አትቸኩሉ።

ልጄ ሜላት ትንሽ እያለች አንድ ኪት ገዝቼላት አብረን ገጣጠምነው። የእውነተኛ ሮኬት ሞዴል ነው፤ ነጭና ጥቁር፣ ቁመቱ ክንዴን ቢያክል ነው። እናቷና እኔ ሳንለያይ በፊት ነው እንግዲህ። ባለ አንድ ሞተር ነበር። ዳድ፣ እውነተኛው እኮ በሁለት ስቴጅ፣ በሁለት ደረጃ ነው የሚሄደው ስትለኝ፣ ቆይ እንሠራዋለን አልኳት።

ቆይ!

አሁን ልጅቷ ቲንኤጀር ሆናለች። ሰመሩን፣ ትምህርት የሚዘጋበትን ጊዜ፣ ከእኔ ጋር ሬንተን ትሁን ወይስ ከእናቷና ከእናቷ ባል ጋር ኤቨረት፣ ራሷ ትምረጥ ተባለ። ሳሙኤል ይባላል ሰውየው። ኢንጂነር ነው። ቤቱ ትልቅ ጋራዥ አለው። እኔ እዚሁ ሲያትል ሶዶ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ መኪናዬን እንኳ መንገድ ላይ ነው ፓርክ የማደርገው።

ሶ፣ እኔ ምን አለኝ? ያቺ ሮኬት አለችኝ።

ከሥራ ስገባ እራት ሳልበላ ቱቦ ስቆርጥ ከረምኩ። ከታች ሌላ ሞተር ጨመርኩላት፤ የታችኛው ነዶ ሲያልቅ የላይኛውን ለኩሶ ራሱ ይወድቃል። ጭራዋ ስለከበደ አፍንጫዋ ውስጥ የልጆች መጫወቻ ጭቃ፣ ክሌይ፣ ጠቀጠቅኩ። ክንፎቿን አሰፋሁ። እመኑኝ፣ በሕይወቴ እንደዚህ ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም። ትዳሬን ጨምሮ።

ስትወርድ ቀስ አድርጎ የሚያሳርፋትን ፓራሹትም አዲስ ገዛሁ፤ ብርቱካናማ፣ ለስላሳ። ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ሆኖ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁልኝ። እኔ ፕላስቲክ የማላወልቅ ሰው ነኝ። የቲቪ ሪሞቴ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ሶፋዬም። ምን ላድርግ፣ አዲስ ነገር አዲስ እንደሆነ ይቆይ ተብሎ ነው ያደግነው! የሲያትልን ካፊያ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ፓራሹቱ እንዳይርስ ብዬ፣ ገመዱን በፌስታሉ አፍ አውጥቼ አሰርኩና ከነፌስታሉ ሮኬቷ ውስጥ ከተትኩት። ሜዳው ላይ ስንደርስ አወልቀዋለሁ ብዬ።

ደረስን። የሮኬት ክለብ ሜዳ ነው፤ ሳር ብቻ። እናቷ መጣች፤ ሳሙኤልም ታጣፊ ወንበሩን ይዞ መጣ። ሰላም አለኝና፣ ከመተኮሷ በፊት አንዴ አብረን ቼክ እናድርጋት ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ።

እኔ ደግሞ ኩራት እራቴ! ሁሉም ቼክ ተደርጓል አልኩት። ፊቱን እንኳ በወጉ ሳላይ ማስወንጨፊያውን ለሜላት ሰጠኋት።

ተጫነችው። ሽው! የታችኛው ሞተር ነዶ ወደቀ፣ የላይኛው ተለኮሰ! በሁለት ስቴጅ! ሜላት ዳድ፣ ዳድ እያለች ክንዴን ጨመቀችው። ከእናቷ ከተለያየን ወዲህ እንደዚያ ይዛኝ አታውቅም። ሰመሩን አገኘሁት አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሰማዩ ላይ ጧ አለ። ፓራሹቱ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ወጣ።

ከነፌስታሉ!

ማውለቁን ረስቼው አልተዘረጋም። ሮኬቷ ቁልቁል በአፍንጫዋ መጥታ ሳሩ ውስጥ ተሰካች። ሰው አልነካችም፣ ተመስገን። ቱቦዋ ግን ተጨማዶ ተሰበረ።

እናቷ ስልኳን እንደያዘች በሳቅ ፈረሰች። አሁንም ፌስታል፣ አንተ ሰውዬ መቼም አትለወጥም አለችኝ። አብረን ስንኖር ያ ሶፋ ስንቴ እንዳጣላን እኔና እሷ ነን የምናውቀው።

ሳሙኤል አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ሄዶ ነቅሎ አመጣትና፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አይዞህ ወንድሜ፣ በማንም ላይ ይደርሳል" አለኝ።

በማንም ላይ አይደርስም!

ሜላት ስብርባሪውን አቅፋ፣ "ካን ዊ ፊክስ ኢት?" አለች፤ ልንጠግናት እንችላለን ወይ ማለቷ ነው። ይህን ስትል እኔን እያየች አልነበረም።

ጋራዡ ውስጥ ቦታ አለ፣ ሰመሩን ቀስ ብለን እንሠራታለን አላት ሳሙኤል። ፊቷ በራ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ "ዩ ካን ካም ቱ፣ ዳድ" አለችኝ፤ አንተም መምጣት ትችላለህ ማለቷ ነው።

አያችሁ? ለገዛ ሮኬቴ በእንግድነት ተጠራሁ። እሺ አልኩ፤ ምን እላለሁ?

ቤት እንደገባሁ መቀስ አንስቼ የሶፋውን ፕላስቲክ ቀድጄ ጣልኩት። ሜላት እኔ ጋ ስትመጣ ሁሌ ወለል ላይ ነበር የምትቀመጠው፤ ፕላስቲኩ እግሬ ላይ ይጣበቃል እያለች። አሁን ተቀምጬበት ነው የምጽፍላችሁ። ለካ ይመቻል!

ሦስት ሰው የሚይዝ ሶፋ ነው። ያለነው እኔና ሪሞቱ ነን።

እስቲ እናንተዬ፣ አዲስ አድርገን የምናቆየው ለማን ብለን ነው?