በመርከብ ተጭና የመጣችው ጀልባና የእኔ አጥር

ወንድ ልጅ ጡረታ ሲወጣ ሁለት ነገር ያምረዋል፤ የማያውቀው ሥራና የሌላ ሰው ቦታ። አትቆጡ፣ ሁሉም አላልሁም። እኔ የማውቀውን ነው የምነግራችሁ፤ የማውቀው ደግሞ የባሌን ታናሽ ወንድም አቶ ገዳሙን ነው።

አቶ ገዳሙ ማለት ባሌ በሞተ በአርባኛው ቀን፣ ሰው ለተዝካሩ ተቀምጦ ሳለ፣ ጣና ዳር ያለውን ግቢዬን በእርምጃ ሲለካ ያየሁት ሰው ነው። “እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው” አለኝ። እግሩ ሲፍታታ ከንፈሩ ይቆጥር ነበር... ዝም አልሁ። ዝም ያለ ሁሉ የረሳ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

የዚህ ሰው ልጅ ሆላንድ አገር አግብታ ትኖራለች። ባሏ አዲስ የሸራ ጀልባ ሊገዛ ሲነሣ አሮጌዋን ለአማቱ ሰጠው። አቶ ገዳሙ ጣና ዳር ተወልዶ ታንኳ ላይ ሲወጣ ዓይኑን የሚጨፍን ፍጡር ነው። ግን ፎቶዋን በስልክ አየ፤ ነጭ፣ ሸራዋ እንደ ቄስ ካባ የተነፋ... አበደላችሁ። ቱሪስት አንሸራሽርባታለሁ አለ። የት ልታርፍ ነው ሲሉት፣ የወንድሜ ግቢ አለ አይደል አለ። አጥሬን አፍርሶ፣ ማንጎዎቼን ቆርጦ ማለት ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ የእሱ የጽዋ ማኅበር ጓደኞች ናቸው። ቢሆንም አንድ ነገር አስፈረድሁ፤ ጀልባዋ መጀመሪያ በግቢዬ ፊት ውኃ ላይ ቆማ ትታይ። ከቆመች አጥሩ ይፈርሳል፤ ካልቆመች የግቢው ነገር ዳግመኛ አይነሣም።

“ጀልባ ውኃ ላይ ካልቆመች የት ልትቆም ኖሯል፣ እትዬ?” ብሎ ሳቀ።

ጉዞው ተጀመረ። በባሕር እንድትሄድ የተሠራችው ጀልባ ምሰሶዋ ተነቅሎ፣ በላስቲክ ተጠቅልላ፣ በሰንሰለት ታስራ፣ በሌላ መርከብ ጀርባ ላይ ተጫነች። አራት እግር ያለው በሬ በአይሱዙ ተጭኖ ገበያ ሲሄድ አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው። አቶ ገዳሙ በየቀኑ እየመጣ ስልኩ ላይ አንዲት ነጥብ ያሳየኛል። ዛሬ እዚህ ደረሰች፣ ነገ ቀይ ባሕር ትገባለች ይላል። ነጥቧ ሦስት ቀን ሙሉ ሳትነቃነቅ ስትቀር ግን እህል አልቀምስም አለ። ሄዶም ለቅዱስ ገብርኤል ተሳለ። ጀልባዬን በሰላም ባሕር ዳር ካደረስህልኝ ወርቀ ዘቦ ጥላ አገባለሁ ሲል ቅጥሩ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰማው። እኔም ከኋላው ነበርሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አጥሬን ካቆየህልኝ መጋረጃ አገባለሁ አልሁ። መልአኩ በዚያ ቀን ምን እንዳለ አላውቅም።

ነጥቧ ተንቀሳቀሰች። ጀልባዋ ጅቡቲ ወረደች፣ ከባድ መኪና ላይ ወጣች። ሐሙሲት ስትደርስ ሻይ ቤት የነበረው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ወጥቶ፣ አውሮፕላን ነው አይደለም እያለ ተከራከረ አሉ። ቅዱስ ገብርኤልን አኮረፍሁት።

በማግስቱ ከግቢዬ ጎን ባለው የከብት መውረጃ ክሬን ቀረበ። አቶ ገዳሙ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ወንበር ይዘዋል። ላስቲኩ ተገፈፈ። ከጀልባዋ ሆድ ሥር ከሰው ቁመት የሚረዝም የብረት ክንፍ እንደ ማረሻ ወደ ታች ተተክሎ ታየ። ነፋስ እንዳይጥላት የሚይዛት እሱ ነው አለ የክሬኑ ሰው። አቶ ገዳሙ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አየ። ፎቶው ላይ ጀልባዋ ውኃ ውስጥ ናት፤ የሚታየው ከውኃ በላይ ያለው ብቻ ነው። አልፈረድሁበትም። እኔንም ለዚህ ቤተ ዘመድ ሲድሩኝ ያሳዩኝ ከውኃ በላይ ያለውን ብቻ ነበር።

ሙላት የሚባል ዓሣ አጥማጅ ጥልቀቱን ሊያይ ገባ። ሄደ፣ ጉልበቱ ነው። ሄደ፣ ጭኑ ነው። ውኃ ላይ እንዳለች ይብራ ወፍ አክሎ እስኪታየን ድረስ ሄዶ ከዚያ ተጣራ።

“ጋሽ ገዳሙ፣ ወገቤ ነው! ልመለስ ወይስ ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ልድረስ?”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በነጠላው አፈነ። አቶ ገዳሙ ወደ እኔ ዞረ።

“እትዬ፣ ውኃው እንዲህ መሆኑን ያውቁ ነበር?”

“ሠላሳ ዓመት ልብስ ያጠብሁበት ነው። ማን ጠየቀኝ?”

ክሬኑና መኪናው እዚያው ከተማችን ውስጥ ወዳለው ግሽ አባይ ሰፈር፣ ወደ እሱ ቤት ዞሩ። ጀልባዋ በበሩ አልገባ ብትለው የገዛ አጥሩን አፍርሶ አስገባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ዛሬ ከቤቱ በላይ ከፍ ብላ ቆማለች፤ ዶሮዎቹ ይሰፍሩባታል።

በገብርኤል ዕለት መጋረጃዬን ይዤ ስሄድ አቶ ገዳሙ ባዶ እጁን ቆሞ አገኘሁት። የሁለታችንም የነፍስ አባት የሆኑት አባ፣ ስለቱ የት አለ ብለው ጠየቁት። አልተሰማሁምና አላገባም አላቸው።

“ልጄ፣ ባሕር ዳር ትድረስልኝ አልህ፤ ደረሰች። ትንሳፈፍልኝ መች አልህ?”

ጥላውን አገባ። እናንተም ስትሳሉ ቃላችሁን ጨርሱት። እኔ እንኳ በዚያ ቀን መልአኩ በሌላ ሰው አጥር እንዳይሳሳት ብዬ በጣና በኩል ያለው፣ ማንጎው ሥር፣ ቆርቆሮው የዛገው ብዬ ነው የነገርሁት።