ያለ እግሩ አገር ያቋረጠው አያ ሙልሙል

ብምልም አታምኑኝም፤ ቢሆንም እምላለሁ። ከዋሸሁ ሁለቱም ዓይኖቼ ይፍሰሱ። እስከ መጨረሻው ስሙኝና ያን ጊዜ ውሸታም በሉኝ።

ድሮ፣ ከወንዝ ማዶ፣ ዝሆን አንጋጦ የሚያየው የምስጥ ኩይሳ ነበር። ምስጦቹ ዓይን የላቸውም፤ ዓለሙን ሁሉ የሚያውቁት በማሽተትና በመዳሰስ ነው። ሕጋቸውም አንድ ነበረች፦ አለቃ ምርጊት ምራቁን እንትፍ ያለበት ቦታ ላይ ደቦ ይወጣል። ሁሉም ጭቃውን በአፉ ይዞ መጥቶ ይመርጋል። "ለምን?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጭቃ የሞላው አፍ በምን ይጠይቃል?

አንድ ክረምት ጎርፍ አያ ሙልሙል የሚባል ትል አንከባሎ በኩይሳው ስንጥቅ ከተተው። ነጭ ነው፣ ድቡልቡል ነው፣ እግር የሚባል አልፈጠረበትም። ታዲያ ፈጣሪ እግር ቢነሳው ከጅራቱ ወዝ ሰጥቶታል፤ ወዙም ቁርጥ የአለቃ ምርጊትን ምራቅ ይሸታል።

ምስጦቹ አሸተቱ። "አለቃ እዚህ ይመረግ ብለዋል" ተባባሉና ከትሉ ጅራት ሥር ጭቃ ከመሩ። ጭቃው ሲቆለል ትሉን ወደ ፊት ገፋው። ጅራቱ ፈቀቅ ሲል ሽታውም ፈቀቅ አለ፤ ደቦው ተከተለ። ሽታ የለቀቀውን ጭቃ ከኋላ እየነቀሉ ከፊት ይለጥፉታል፤ አልበቃ ሲል ከየምሰሶው ይፍቃሉ። አያ ሙልሙል በበቅሎ እንደሚሄድ ሙሽራ እየተንገዋለለ፣ የደረሰበትን ጎተራ እየበላ፣ "በርቱ ወንድሞቼ፣ ትንሽ ነው የቀረን" ይላቸዋል።

የእንቁላል ቤት ጠባቂዋ እትዬ ዳሳሽ ምሰሶዎቿን ብትዳስስ ቀጥነው ሸንበቆ አክለዋል። ከጣሪያው ሥር ደግሞ ሦስት ሺህ እንቁላል ተኝቷል። ሮጣ ሸንጎ ፊት ቀረበች።

"አለቃ፣ የልጆቹ ቤት በላያቸው ሊወድቅ ነው። ምሰሶዬን እየፋቁ የሚሠሩት ምንድን ነው?"

አለቃ ምርጊት እንዲህ ያለ ሥራ አላዘዘም። ሄዶ ቢያሸት ግን የገዛ ሽታው ነው። አላዘዝኩም ቢል፣ "ታዲያ ማን አዘዘ?" ሊባል ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ያዘዝኩት ነው። ታላቅ መንገድ ነው።"

"ወዴት የሚወስድ?"

"ሲያልቅ ይነገርሻል።"

"አበጁ፣ አለቃ" አለ ሸንጎው።

ዘበኞቹስ አትሉም? ዘበኞቹ መንጋጋቸውን ስለው በር ላይ ቆመዋል፤ በበር የሚያልፈውን ሁሉ ይነክሳሉ። አያ ሙልሙል በር ምን ያደርግለታል? ግድግዳ ለግድግዳ ተገፍቶ የጎረቤቱን ኩይሳ በሳና ብቅ አለ። በዚያችው ሰዓት ከኋላው የእንቁላል ቤቱ ተደረመሰ። እትዬ ዳሳሽ በአፏ እየጎተተች ግማሹን አተረፈች፤ ግማሹ ጭቃ ሥር ቀረ።

ጎረቤቶቹ ትሉን ጎትተው መለሱት። "ዕቃችሁን ውሰዱ። በእናንተ ጭቃ ተጠቅልሎ ነው የመጣው" አሉ።

ሸንጎ ተሰየመ። አለቃ ምርጊት ተነፋፍቶ "አንተ ሌባ፣ ኩይሳዬን በምን እግርህ አቋረጥከው?" አለ።

"እግር የለኝም ጌታዬ፣ ይዳስሱኝ" አለ አያ ሙልሙል። "እግር ያለው ይጠየቅ።"

ሸንጎው ዳሰሰው። እውነትም የለውም። ትሉ በነጻ ተለቀቀ። አለቃው ደግሞ "ምሰሶ የፋቀ ሁሉ ይቀጣ፤ ከእንግዲህም ከእኔ ትእዛዝ በቀር የማንንም እንዳትሰሙ" ብሎ ፈረደ።

እትዬ ዳሳሽ ጭቃ እንደለበሰች ወደ ፊት ወጣች። የአለቃውን አፍ አሸተተች። ዞራ የትሉን ጅራት አሸተተች። እንደገና አፉን፣ እንደገና ጅራቱን።

"መታዘዙንስ እታዘዛለሁ" አለች፤ "ብቻ የቱ አፍ፣ የቱ ቂጥ እንደሆነ መጀመሪያ ለይታችሁ ንገሩኝ።"