ሊቀ ምድጃ ሩበንና የማሞቂያ ጥገና ዋጋ

በረዶ ለአምስት ወር ከመንገድ በማይነሣበት አገር ሁሉ፣ በየሰፈሩ የሰውን ሁሉ የማሞቂያ ጥገና ዋጋ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ሰፈሩ ሐኪም ሊያጣ ይችላል፣ ዳቦ ቤት ሊያጣ ይችላል፤ ይህን ሰው ግን አያጣም። ገንዘቡን የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው። የሚያመው ግን እሱን ነው።

በሰሜን ሚኒሶታ፣ ከትልቁ ሐይቅ ዳር ላለው ሰፈራችን የተሰጡት ክቡር ሩበን ትቬት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የብረት ማዕድን በሚጭን ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይሾማቸው ሊቀ ምድጃ ሆኑ። የጥገና መኪና በአንድ ሰው ደጅ ስትቆም ካዩ፣ ሠራተኛው የመሣሪያ ሣጥኑን ሳያወርድ እሳቸው ምድር ቤት ገብተው ይጠብቁታል።

"ስንት አለህ?" ይላሉ፣ ሰውየው ገና ሳይወጣ።

ትነግራቸዋለህ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሞት መርዶ እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"ልጄ፣ ለዕቃው የምትከፍል መሰለህ? ለዕቃው አይደለም። ለድንጋጤህ ነው!"

ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል። "ሲሶው መኪናውን አስነሥቶ ስለመጣ ነው። ሲሶው ዛሬ እሑድ ስለሆነ ነው። የተበላሸችው እሳት መለኮሻ ራሷ የአንድ ምሳ ዋጋ ናት። የቀረው ምን መሰለህ? ሚስትህ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ደረጃው ላይ ቆማ ሰውየው ስላያት ነው። ደብቃት እንጂ! ሰው ሲመጣባችሁ ካፖርታችሁን አውልቁ። እንደሞቀው ሰው ተራገቡ!"

አንድ ክረምት እኔና ባለቤቴ ምክሩን ሰማን። በሸሚዝ ቆመን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ፣ ሠራተኛውን በፈገግታ ተቀበልነው። ዋጋው አልቀነሰም። እኛን ግን ጉንፋን ያዘን።

ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን አላመለጣቸውም። ቄሳችን ሦስቱ ወጣቶች ስለተጣሉበት፣ ሰባት እጥፍ ስለነደደው እቶን ሲሰብኩ፣ ክቡርነታቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና "ሰባት እጥፍ? ውስጡ ይሰነጠቃል እኮ! ሙሉውን ቀይሩ ነው የሚሏቸው" አሉኝ። ሳቄን በመዝሙር ደብተር ሸፈንኩ። የሚያናድደው ነገር፣ ስለ ዋጋ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን መሆኑ ነው።

አሁን ወደ መራራው ልግባ።

በእኛ አገር ሰው ሲጋበዝ መጀመሪያ "ኧረ አይሆንም" ይላል። ሁለተኛ ሲጠየቅ "ኧረ አትቸገሩ" ይላል። በሦስተኛው "እንግዲህ ካላችሁ፣ ትንሽ" ብሎ ይቀበላል። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። ድሮ ማሞቂያችንን የሚጠግነው የሰፈራችን ሰው ስለነበር፣ በስልክም ቢሆን ሦስቴ ይጠይቃል። እሱ አረጀና ሥራውን ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ሸጠ። አሁን ስልኩ የሚነሣው በረዶን በሥዕል ብቻ በሚያውቁበት በደቡብ ነው።

የሩበን ባለቤት አርዲስ ሳንባቸው ከደከመ ቆይቷል። ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ሲሏቸው "እንግዲያውስ በገዛ አልጋዬ ልሙት" አሉ። ቤት እየመጣች የምታያቸው ነርስም ተስማማች፤ አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀች። ቤቱ ከቀዘቀዘ በዚያው ቀን ወደ አዛውንቶች መጦሪያ ይወሰዳሉ። አርዲስ መጦሪያውን ያውቁታል፤ እኅታቸው ግድግዳ እያየች የሞተችው እዚያ ነው።

ማሞቂያቸው ዝም ያለው በጥር፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ በገባበት ቀን ነው። ሩበን ወደ ኩባንያው ደወሉ።

"ዛሬ ማታ ሰው ልላክልዎ?" አለቻቸው ልጅቷ።

"ኧረ በዚህ ብርድ ማንንም አላስቸግርም" አሉ ሩበን።

"እሺ፣ መልካም ምሽት ይሁንልዎ" ብላ ዘጋችው።

ሊቀ ምድጃ ሩበን ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቁ ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ።

ጠዋት ከግድግዳቸው ቱቦ የሚወጣውን ነጭ ጭስ ሳጣ ሮጬ ሄድኩ። ሩበን ካፖርትና ቆብ አድርገው ስልኩን ያዩታል። አርዲስ በብርድ ልብስ ክምር ውስጥ ናቸው፤ የሚታየው አፍንጫቸውና የአየር ቱቧቸው ብቻ ነው።

"ጋሽ ሩበን፣ ማሞቂያው ምን ሆነ?"

"ትንሽ አኩርፏል። ነግሬያቸዋለሁ፤ መልሰው ይደውላሉ።"

ምን እንደተባባሉ አንድ በአንድ አስነገርኳቸው።

"እንዴ ጋሽ ሩበን! አትምጡ ነው እኮ ያሏት!"

"መቼ አልኩ? አንዴ ብቻ እኮ ነው የጠየቀችኝ!"

ከብርድ ልብሱ ሥር የአርዲስ ድምፅ መጣ፤ "እንጋባ ብዬ ሦስቴ የጠየቅሁህ እኔ ነኝ። እሷ ምን ዕዳ አለባት?"

ስልኩን አንሥቼ ወደ ኩባንያው ደወልኩ፤ ሰው ልላክ ወይ ስባል "አዎ። አሁኑኑ ላኩ" አልኩ። ሩበን ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። "እንዲህ ነው እንዴ ሰው የሚናገረው?" አሉኝ፤ በብርድ ሳይሆን በእኔ ብልግና እየተሸማቀቁ።

ከቀትር በኋላ አንድ ፂማም ሠራተኛ መጣ። በባትሪ ሲያይ ቆየና ጋዙን ዘጋ፤ ማሞቂያው ላይም ቀይ ወረቀት አሰረበት።

"እሳቱ የሚነድበት ክፍል ተሰንጥቋል። የጭሱ መርዝ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። ይኼ አይጠገንም፤ ሙሉው ይቀየራል" አለ። ቀጠለና፣ "በመስከረም ብታሳዩን ኖሮ በጊዜው እናገኘው ነበር። ያኔ ሳትቸኩሉ፣ አማርጣችሁ ትገዙ ነበር" አለ።

ሩበን ቆባቸውን ወደ ዓይናቸው ጎተቱ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሰፈሩን ሁሉ "ለማየት ብቻ ገንዘብ አይከፈልም!" እያሉ የከለከሉት እሳቸው ነበሩ።

ነርሷ መጣች፤ ወደ መጦሪያው የሚወስዳቸው አምቡላንስም ተጠራ። አርዲስን በቃሬዛ ሲያወጧቸው እጄን ያዙኝ።

"ብቻውን እንዳትተወው" አሉኝ። "ዋጋ ሲከራከር ሚያዝያ ይደርሳል። እኔ ደግሞ ሚያዝያ የለኝም።"

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ፂማሙ ሦስት ዋጋ አሳየን፤ ጥሩ፣ የተሻለ፣ እጅግ የተሻለ ይላል። "በዝርዝር ላስረዳዎ?" አለ።

እኔ ትምህርቱን ጠበቅሁ። መኪናው፣ እሑዱ፣ ድንጋጤው እስኪመጣ ጠበቅሁ።

"ፈጥኖ የሚገጠመው የትኛው ነው?" አሉ ሩበን።

"ውዱ ነው። መጋዘናችን ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው።"

"እሱን አድርገው።"

ዋጋው የሚገባው እጥፍ ነበር። ሩበን ያውቃሉ፤ እኔም ከእሳቸው ተምሬ አውቃለሁ። ፂማሙም ሳያውቅ አልቀረም፤ ሲያስፈርማቸው ጫማውን ነበር የሚያየው። ሩበን ለዚህ ብለው በሐይቁ በረዶ ላይ ተቀምጠው ዓሣ የሚያጠምዱባትን ጎጆና የምትጎትታትን መኪና ሸጡ። ያን ጊዜ በኩባንያው ተናደድኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ በሩበንም ተናደድኩ። ንዴቱ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

ማሞቂያው ተገጠመ፤ አርዲስም ወደ አልጋቸው ተመለሱ።

በመጋቢት፣ መንገዱ ገና በረዶ ሳለ፣ ሾርባ ይዤላቸው ስሄድ የመኝታ ቤታቸው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ መጋረጃው ወደ ውጭ ይውለበለባል። ክፉው ነገር ደረሰ ብዬ ሮጥኩ። ሩበን ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። አርዲስ በስስ የሌሊት ልብስ፣ ምንም ሳይደርቡበት ተጋድመዋል፤ ጉንጫቸው ቀልቷል።

"ምን ሆናችሁ?" አልኩ።

"ሞቀኝ አለች" አሉ ሩበን በሹክሹክታ።

"በጣም ሞቀኝ" አሉ አርዲስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፤ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ሰው ፊት የቆሙ ይመስል ኮራ ብለው።

እኔም ካፖርቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ከሥራችን፣ ከምድር ቤት፣ ማሞቂያው ሳያርፍ ያጓራል፤ ሙቀቱ ሁሉ በመስኮቱ ወጥቶ መንገዱ ላይ ይበተናል። ይህ በሰዓት ስንት እንደሚፈጅ በልቤ ማስላት ጀመርኩና ሩበንን አየኋቸው። መስኮቱን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ የባለቤታቸውን ትራስ ቀስ ብለው አስተካከሉ። እኔም ከተዋወቅን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምነው እኚህ ሰው ስለ ዋጋ አንድ ቃል በተናገሩ ብዬ አምላኬን ለመንሁ።