ለቄስ ሞላ የሄደው መልእክት

ልብስ ሰፊ ሆኖ ተሰፍቶ የመጣ ሱሪ ገዝቶ የሚለብስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው እኔን እዩኝ። ሰቆጣ ውስጥ ከባለቤቴ ከትርንጎ ጋር የቤተ ክርስቲያን ልብስ እሰፋለሁ፤ ካባ፣ መጋረጃ፣ ጃንጥላ። የሰዉን ሁሉ ልክ ስለካ እውላለሁ፤ የራሴን ሱሪ ግን ከመደብር ነው የምገዛው። ለምን ብትሉኝ፣ ለራሴ ስሰፋ ደንበኛው ያናድደኛል። የሚፈልገውን አያውቅም።

የደንበኞቻችን ነገር እስከ አምና ድረስ የተቀመጠው በትርንጎ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። የየትኛው ደብር ከፋይ ጨርቅ ቀይ እንደሆነ፣ የየትኛው ዘርፍ ይርዘም እንደተባለ፣ የትኛው ቄስ ከየትኛው ቄስ ጋር አብሮ መምጣት እንደማይፈልግ፣ አንድም አይጠፋትም። ታዲያ አንድ ሳምንት ታመመችብኝ። በዚያች አንድ ሳምንት የአንዱን ደብር መጋረጃ ለሌላው ጠቅልዬ ልሰጥ ለትንሽ ነው የተረፍኩት። ስትድን፣ ይኼን ሁሉ ነገር ከጭንቅላቴ አውጣልኝና የሆነ ቦታ አስቀምጠው አለችኝ።

ምክር ጠየቅሁ። ምክር መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሰው ካልጠየቁ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ወልድያ የሚሠራውን የትርንጎን ወንድም ምስጋናውን ነው። የተዘጋጀ የደንበኛ መያዣ ፕሮግራም አለ፣ ዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው፣ ዛሬ ትጭነዋለህ ዛሬ ትጀምራለህ አለኝ። ቀጥዬ የጠየቅሁት እዚሁ ኮምፒውተር የሚያስተምረውን መምህር ካሳይን ነው። እሱ ደግሞ ተው ደርቤ፣ የሌላ ሰው ፕሮግራም አንተን አያውቅህም አለ። የራስህን የምትሠራበት መድረክ አለ፤ ኮድ መጻፍ የለ፣ ምን የለ፤ ሳጥን ሳጥኑን እየጎተትን እንደረድርና ለአንተ ሥራ ብቻ የሚሆን መተግበሪያ ይወጣልናል አለኝ። መቼ ያልቃል ስለው፣ እሱ ባንተ ነው፣ ምን ምን እንዲይዝልህ ትፈልጋለህ ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። ምን እንደምፈልግ ባውቅ ኖሮ ምን ምክር አስጠየቀኝ? የተዘጋጀውን ጫንኩ።

መመዝገብ ጀመርን። የደንበኛ ስም? ማርያም። የአባት ስም? እጄ ቆመ። ባዶ ልተወው ስል ቀይ መስመር እያወጣ እምቢ አለኝ። የቦታውን ስም አስገባሁና አለፍኩ። የልደት ቀን? ትርንጎ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳትል፣ ግንቦት አንድ ነዋ አለች። እሱንም ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለችውን ማርያም ሳስገባ ፕሮግራሙ ስሟንና የልደት ቀኗን አይቶ፣ ይህ ደንበኛ አስቀድሞ ተመዝግቧል ብሎ መለሰልኝ። በዋግ ስንት ማርያም እንዳለች ለማን ይነገራል? ቋንቋ ምረጥ ሲለኝ የቱርክም የፈረንሳይም ነበረው፤ ትርንጎ መርፌ ሲወጋት የምትሳደብበት ኽምጥኛ ግን የለም።

ምስጋናው ጋ ደወልኩ። ደንበኛ ሰው ነው እንጂ ሕንፃ አይደለም፣ ለማዘዝ የመጣውን ሰው መዝግብ አለኝ። እውነት መሰለኝ። በየደብሩ ቁልፉንና ንብረቱን የሚይዙትን ቄሰ ገበዞች ከነስልካቸው በየደብራቸው ስም መዘገብኳቸው። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ቄሰ ገበዝ ይሾማል፣ ይሻራል፤ የኛ ደንበኛ ግን ታቦቱ ነው።

ላይ አምባ ሚካኤል የሚባል ደብር አለን፤ ከአምደወርቅ ወዲያ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። አምና መጋረጃ ያዘዙን የደብሩ ገበዝ ቄስ ሞላ ነበሩ። ዘንድሮ ለኅዳር ሚካኤል ትልቅ ጃንጥላ ያዘዙን ደግሞ አዲሱ ገበዝ ቄስ አያሌው ናቸው። በመሀል የሆነውን አገር ያውቃል። በቅጥሩ ውስጥ የደረቀ ወይራ ነበር። ይቆረጥ፣ አይቆረጥ ሲባል ቄስ ሞላ አይነካም አሉ፤ ምእመኑ ቆረጠው። እሳቸውም ቁልፉን አስረክበው ወንዝ ተሻግረው በሌላ ደብር ማስቀደስ ጀመሩ። ዓመት ሆናቸው። እኔም ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጃንጥላውን ላይ አምባ ሚካኤል በሚለው በአምናው መዝገብ ላይ ጨመርኩት። ስልኩ የማን እንደሆነ አላየሁም።

ጃንጥላው አለቀ። ወርቀ ዘቦው ዓይን ይወጋል። "ተጠናቋል" የሚለውን ተጭኜ ወደ ገበያ ሄድኩ። አመሻሽ ላይ ስመለስ ጃንጥላው የለም።

ትርንጎ ደስ ብሏት ጠበቀችኝ። ቄስ ሞላ ወስደውት ሄዱ አለችኝ፤ ታርቀዋል ማለት ነው፣ እያለቀሱ ነው የመጡት፣ መልእክት ደርሷቸው። ምን የሚል መልእክት? ስልካቸውን አሳይተዋት ነበርና በቃሏ አለችልኝ። ፕሮግራሙ ትዕዛዝዎ ተጠናቋል፣ መጥተው ይረከቡ ካለ በኋላ፣ ዓመት ሙሉ ላልመጣ ደንበኛ የሚጨምራት አንዲት መስመር አለችው፤ "ከተለዩን ቆይተዋል፤ ናፍቀውናል" የምትል። መልእክቱ ላይ የደብሩ ስም አለና ቄስ ሞላ ደብሩ የላከባቸው መስሏቸዋል። 

በማግሥቱ ቄስ አያሌው ጃንጥላውን ሊወስዱ ከች አሉ። በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። መስቀል ተሳለምኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"ደርቤ፣ የታቦቱን ጃንጥላ ለተጣላን ሰው ሰጠኸው?"

"እኔ አይደለሁም አባ፤ ፕሮግራሙ ነው።"

"ፕሮግራምህን ልገዝተው?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ሚካኤል ያለ ጃንጥላ ከወጣ፣ ከጽጽቃ እስከ አበርገሌ አንድ ደብር እኔ ጋ መጋረጃ አያዝም። ስማችን እንጂ ሌላ ምን አለን? አብረን በሚኒባስ አምደወርቅ ወረድን፣ ከዚያ በእግር። 

ደብሩ ጋ ስንደርስ ደወሉ ይደወላል። እናንተም እንደምታውቁት ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ንዋይ ሲገባ አመጣጡ አይመረመርም፤ መጀመሪያ እልል ይባላል። ቄስ ሞላም ጃንጥላውን በበቅሎ ጭነው ከተፍ ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ እልል ብሎ ተቀብሏቸዋል። እልል ብለው የተቀበሉትን ሰው ደግሞ ምን ብለው ይመልሱታል? እሳቸው ደብሩ ጠራኝ ብለው መጥተዋል። ሰዉ ደግሞ አዲሱ ገበዝ ራሱን ዝቅ አድርጎ የድሮውን ገበዝ አስጠርቶ ነው ብሏል። ሁለቱም ወገን እርቁን ሌላ ሰው የጀመረው መስሎት ደስ ብሎታል።

ቄስ አያሌውን ሲያዩ ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን ሊስሙ ተንጋጉ። ይኼን የመሰለ ትሕትና በአገራችን አላየንም አሉ። ቄስ አያሌው አንዴ ቄስ ሞላን፣ አንዴ እኔን ተመለከቱ። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ "ደርቤ፣ አንተ ዝም በል" አሉና ሄደው ቄስ ሞላን አቀፏቸው። ሁለቱም አለቀሱ። የማልዋሽ ከሆነ እኔም አልቅሻለሁ፤ የኔ ግን ግማሹ ከስጋት የመገላገል ነበር።

ሰቆጣ እንደተመለስኩ መምህር ካሳይ ጋ ሮጥኩ። አሁንማ የምፈልገውን አውቄያለሁ! ደንበኛው ደብሩ፣ ገበዙ ከሥሩ፤ የተሻረው ለብቻ፣ የተሾመው ለብቻ። መልእክት ከመሄዱ በፊት "ለእኚህ ሰው ይላክ?" ብሎ ይጠይቀኝ። ሳጥኖቹን ደረደርናቸው። ሲያልቅ እንደ ልብስ ልክክ አለ። ትርንጎ እንኳ እንከን አጣችለት።

እሱን በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት ከጽጽቃ በኩል አንድ ሽማግሌ መጡ። የሰበካ ጉባኤያቸው ሊቀ መንበር ናቸው፤ ጋሽ ወልዱ ይባላሉ። ምን ልስፋልዎ ስላቸው፣ ወሬው እሳቸውም ጋ ደርሶ ኖሮ ወደ ኮምፒውተሩ አዩ።

"ያቺ የምትሳሳተው እሷ ናት?"

"አይ፣ ይቺ አዲሷ ናት። አትሳሳትም" አልኳቸው፣ ኮራ ብዬ።

ፊታቸው ወደቀ። ቀስ እያሉ አወጉኝ። መሪጌታቸው ተቀይመው ከደብሩ ከወጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ያስቀየምኩት እኔ ነኝ አሉ፤ በሰው ፊት ተናገርኩት። ደውዬ ና ልበለው ብል አፌ አይታዘዘኝም፤ እሱም ብደውል አያነሳም። ማሽን ተሳስቶ ቢጠራው ግን ማንም አያፍርም።

 ትርንጎን ዞሬ አየኋት። ክፈታ ያንን፣ ምን ትጠብቃለህ አለችኝ። የተዘጋጀውን ፕሮግራም መልሼ ከፈትኩት። የደብሩን ስም አስገባሁ፣ የመሪጌታውን ስልክ አስገባሁ፣ መጨረሻ የመጡበት ቀን የሚለው ላይ ከአራት ዓመት በፊት አልኩ። የታዘዘው ዕቃ የሚለው ላይ ባዶ አልቀበልም አለኝ።

"ካባ በልልኝ" አሉ ጋሽ ወልዱ።

ካባ ብዬ ጻፍኩና "ተጠናቋል" የሚለውን ተጫንኩ። መልእክቱ "ናፍቀውናል" ከምትለው መስመር ጋር ሄደ። ጋሽ ወልዱ ያን ጊዜ ተነሥተው ትርንጎ ፊት ቆሙ። ነገ መምጣቱ አይቀርም፣ ባዶ እጁን እንዳይመለስ አሉ። ትርንጎ ሜትሯን አንሥታ፣ ልካቸውን ሳላውቅ እንዴት አድርጌ አለቻቸው። ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን ከራሳቸው ትከሻ አንድ ጣት ያህል ወጣ አድርገው አሳዩ።

"ከኔ ይኼን ያህል ይሰፋል። በቁመት ግን እኩል ነን" አሉ።

እኛም ትዕዛዙ መጠናቀቁን ከላክን በኋላ ጨርቁን መቁረጥ ጀመርን።