የአሥራ አምስት ቀን ሐዘንተኛ

ጊዜ የሌለው ሰው ማለት ብዙ ሥራ ያለበት ሰው አይደለም። ለሌላው ሰው ጊዜ ሲለምን የሚውል ሰው ነው። አታምኑኝም? እኔ ግን በማኅተም የተረጋገጠ ማስረጃ አለኝ... አሁን ደፍሬ የምጽፈውም በነገሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ግብራቸውን ከፍለው ስለጨረሱ ነው።

ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ገባ ብሎ፣ በልብስ ሰፊውና በፀጉር አስተካካዩ መካከል፣ አንዲት ክፍል ከቀበሌ ተከራይቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ወንበር፣ ለደንበኛ አንድ አግዳሚ፣ በቃ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች «እትዬ፣ ላጲስ ያውሱኝ» ይሉኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያወቃትን አጥብቆ ይይዛል። አራት ነጥብ ከቃሉ ትንሽ ራቅ ብላ ካረፈች ወረቀቱን አወጣና ከ«ለ» ጀምሬ እንደገና እጽፋለሁ። ከግርጌ የሚሰፍረው «ኢትዮጵያ ትቅደም» ልክ መሐል ላይ ካልዋለ እንደዚያው። ደንበኞቼ ይህን ጠባዬን በሽታ ነው ይሉታል። ቢሉም ይመጣሉ።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ በዝናብም በጭቃም ይመጣሉ። ትንሽ ነጋዴ ሁሉ ያለፈውን ዓመት ገቢ ቅጽ ላይ ሞልቶ እስከ ሐምሌ ሠላሳ ለግብር ቢሮ ማሳወቅ አለበት። ያልደረሰለት ሰው «ጊዜ ይጨመርልኝ» ብሎ ማመልከት ይችላል። እንግዲህ ቅጽ ከመሙላት ማመልከት ይቀላል ብሎ የማያስብ ነጋዴ እኛ ሰፈር ገና አልተወለደም።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ዘውዴ ነበሩ።

«ምክንያትዎ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«አንቺ የመሰለሽን አድርጊው።»

«ጋሽ ዘውዴ፣ ምክንያት እንደ ሱሪ በልክዎ አልሰፋልዎትም። የሆነውን ይንገሩኝ።»

«እሺ፣ ሐዘን በይው።»

«ማን ሞቶብዎት?»

«አማቴ።»

«ውይ! መቼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ሰው አይሞትም እንዴ? ጻፊው ልጄ፣ ኋላዬ ሰልፍ አለ።»

እኔ ጸሐፊ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። ጻፍኩ። «በድንገት ባጋጠመኝ መሪር ሐዘን ምክንያት ልቤም እጄም ለሥራ ስላልታዘዙልኝ፣ ገቢዬን የማሳውቅበት ጊዜ እንዲጨመርልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።» «ልቤም እጄም» የምትለው ላይ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ጋሽ ዘውዴ ሲነበብላቸው እንባቸው መጣ። ወጥተው ለፀጉር አስተካካዩ ለከማል አነበቡለት። ከማል ወዲያው ገባና፣ «ያቺን ልብና እጅ ያለባትን ለኔም ጻፊልኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሌላ ምክንያት አልፈልግም አለ።

እንዲህ ስጽፍ ሰንብቼ፣ ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ ጠዋት መሳቢያዬን ስከፍት የራሴን ቅጽ አገኘሁት። ባዶ! ስሜ እንኳ አልሰፈረበትም።

«ገምተሽ ሙያው» ትሉኝ ይሆናል። ግምት! እኔ በዓመቱ ውስጥ የጻፍኩትን እያንዳንዱን ደብዳቤ በካርቦን ቅጂ አስቀምጣለሁ፤ ያንን አንድ በአንድ ከደረሰኙ ጉርድ ጋር ሳላመሳክር ፊርማዬን የትም አላኖርም። ለዚህ ደግሞ ብቻዬን አሥር ቀን ያስፈልገኛል። ቅጹ በቀኑ ካልገባ ንግድ ፈቃዴ አይታደስም። ፈቃዴ ካልታደሰ ቀበሌው ክፍሏን ለተረኛ ይሰጣታል። ተረኛው ጠላ ቤት ሊከፍትባት ያሰበ ሰውዬ ነው፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ በየሳምንቱ እየመጣ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ግድግዳዬን በክንዱ ይለካል።

ስለዚህ ለራሴ ማመልከቻ ጻፍኩ። ለራሴ ስለሆነ እውነቱን ጻፍኩ፦ «የሌሎችን ሰዎች የጊዜ ይጨመርልኝ ማመልከቻ ስጽፍ የራሴን ቅጽ ሳልሞላ ቀኑ ስለደረሰብኝ...»

ግብር ቢሮ ማመልከቻ የሚቀበሉት አቶ መኩሪያ ይባላሉ። ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ ለስለስ ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው። አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡ።

«እኅቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምክንያቴ ነው።»

«እውነት ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ እኔ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ እውነቱን ጽፎ ጊዜ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ምን ተብሎ እንደሚፈቀድም አላውቅም። አለቃዬን እንዳልጠይቅ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«እስኪወጡ ልጠብቅ?»

«ከሰኔ ጀምሮ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ከመሳቢያቸው አንድ ወፍራም ፋይል አወጡና ገለጡት። «‘ልቤም እጄም ለሥራ ስላልታዘዙልኝ’... ይህን ሁሉ የጻፍሽው አንቺ ነሻ?»

ኩራትና ፍርሃት እኩል ያዙኝ። «ስሕተት አለበት?» አልኩ።

«ምንም ስሕተት የለበትም። ሃያ ሦስት ነው። ሃያ ሦስት ሐዘን፣ በአንድ ወር፣ ከአንድ ሰፈር! ምን ገባባቸው ብዬ ለጤና ጥበቃ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም ነበር።»

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ሰው ሐዘን ሲነግራችሁ «ማስረጃ አምጣ» ትሉታላችሁ? አትሉትም። ትነሣላችሁ፣ «ነፍስ ይማር» ትላላችሁ። አቶ መኩሪያም በሐምሌ ወር ሃያ ሦስት ጊዜ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሃያ ሦስት ጊዜ ፈርመዋል። ወገባቸውን እንዳመማቸው ነገሩኝ።

«አንዱ ጋ እንዲያውም ቅዳሜ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዘውዴ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው፤ አማቱ ሞተውበት። በሩን አንኳኳሁ፤ አንዲት ባልቴት ከፈቱልኝ። ‘ማንን ብለህ ነው ልጄ?’ አሉኝ። ‘ለቅሶ ልደርስ ነው’ አልኳቸው። ‘የማንን?’ ‘የዘውዴን አማት።’ ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡና፣ ‘በል ግባ፣ ዝናብ አይምታህ’ አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ምሳ አበሉኝ። የሰው ቤት በልቼ ወጥቼ ምን ብዬ ልክሰስ?»

ማመልከቻዬን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ።

«ይህን ወረቀትሽን ፋይል ውስጥ ካስገባሁ ግን» አሉ፣ «ሃያ ሦስቱም ከአንድ እጅ መውጣታቸው ስለሚታወቅ ሁሉንም መልሼ ልጠራ ነው። አንቺንም ጭምር። ውሰጂውና እኔ ልፈርምበት የምችል ምክንያት አምጪልኝ። ታመሽ ነበር?»

«አልታመምኩም።»

«ሐዘን?»

«ማንም አልሞተብኝም።»

«ዘመድ የለሽም?»

«አክስቴ አሉ፣ ቡልቡላ።»

«ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

«አቶ መኩሪያ!»

«እኔ ምንም አላልኩም» አሉና ወረቀቴን መለሱልኝ። «እስከ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።»

ተመልሼ ለጋሽ ዘውዴ ነገርኳቸው። ስለ ምሳው ሲሰሙ ሳቁ፤ ስለ ፋይሉ ሲሰሙ መርፌው እጃቸው ላይ ቆመ። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ነጋዴ ክፍሌ ውስጥ ገባ። ፍቅር ነው ያመጣቸው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

«ቅጂዎችሽን አምጪ» አለ ከማል። «ለአንድ ሰው አንድ ወር እናካፍላለን። ዛሬ ካልጨረስሽ ነገ ያንን እውነትሽን ይዘሽ ልትመለሺ ነው!»

አግዳሚዬ ስላልበቃቸው ከእድር ቤት ሁለት ረጃጅም አግዳሚ አስመጡ። ብርድ ስለሆነ ሁሉም ጋቢ ደርበዋል። መብራት ስለጠፋ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። አንድ ሰው ካወራ ቁጥሩ ይጠፋል ብዬ ትንፍሽ እንዳይሉ አዘዝኩ። በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዝም ብለው ያመሳክራሉ። እኔ መሐል ላይ እርሳስ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ሁለት የማላውቃቸው እናቶች ገቡ፣ ጥግ ላይ ተቀመጡ፣ ትንሽ ቆይተው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ዝናብ ሊጠለሉ መስሎኝ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ ላይ አንድ ጃንጥላ ቆመ። አቶ መኩሪያ ናቸው፤ ለካ ቤታቸው ወደ አትላስ በኩል ነው፣ ከሥራ ሲመለሱ በኛ ደጅ ያልፋሉ። ክፍሉን አዩ። አግዳሚዎቹን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ።

አሥራ አንዱም ነጋዴዎች አወቋቸው። አሥራ አንዱም ደግሞ በእሳቸው ፋይል ውስጥ መሪር ሐዘን ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው! ባንዴ አሥራ አንድ አገጭ ደረት ላይ ወደቀ። ከማል የመስከረምን ቅጂዎች ከሥሩ ሸጉጦ ተቀመጠባቸው። ጋሽ ዘውዴ ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡት። ከወደ ጥጉ አንድ ሰው መንሰቅሰቅ ጀመረ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

«አቶ መኩሪያ፣ ማንም አልሞተም!» አልኩ።

«አውቃለሁ እኅቴ፣ አውቃለሁ... መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚለው።»

«እውነቴን ነው እኮ! እኛ ቅጽ ልንሞላ...»

«ጠዋት እኔ ጋ ስትመጪ መርዶው ገና አልተነገረሽም ነበር» አሉ። «ዘመድ አዝማድ አውቆ፣ ጎረቤት አውቆ፣ አንቺ ብቻ ሳታውቂ ‘አክስቴ አሉ’ አልሽኝ። አሉ! እኔ ደግሞ ዕድሜያቸውን እጠይቅሻለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

መርዶ የሚነገረው ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ባስተባበልኩ ቁጥር ሐዘኑን የበለጠ አመኑ። ዝም ስል ደግሞ «አሁን ገባት» ብለው አዘኑልኝ። ሄደው ክፍት ቦታ ፈለጉና ተቀመጡ፤ ክፍት ቦታ የነበረው ጋሽ ዘውዴ ጎን ብቻ ነው። በወጉ መጠን ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ወደ ጋቢው ዘንበል አሉና በሹክሹክታ፣

«ዘውዴ፣ አማትህ ደኅና ናቸው?» አሉ።

«ደኅና ናቸው ጌታዬ» አሉ ጋሽ ዘውዴ ከጋቢው ውስጥ። «ነፍሳቸውን ይማር።»

አቶ መኩሪያ እንደወጡ ከማል መስከረምን ከሥሩ አወጣት። ጀምበር ሳትጠልቅ ሁሉንም ጨርሰን፣ ደግሜ አይቼ፣ ፈረምኩ።

ሐምሌ ሠላሳ ጠዋት የተሞላ ቅጽ ይዤ ግብር ቢሮ ሄድኩ። ቅጽ ተቀባይዋ ስሜን መዝገብ ላይ አየችና፣ «ለእርስዎ ጊዜ ተጨምሮልዎታል፤ ዛሬ አልቀበልም» አለችኝ። ስንከራከር አቶ መኩሪያ ከውስጥ ወጡ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ? ቤትሽ ተቀመጪ እንጂ!»

«ቅጹን ሞልቼ ነው የመጣሁት።»

«ሞልተሽ?» አሉ። ክው አሉ። «ሣልስት ሳይወጣ ቅጽ ሞላሽ?»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላዬ የቆሙት ሴትዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን እነዚያ ዓይኖች ፊት «አክስቴ በሕይወት አሉ» ብል የሚከተለውን አሰብኩት፦ ፋይሉ ይወጣል፣ ሃያ ሦስቱ ይጠራሉ፣ ክፍሏም ለጠላ ቤቱ ሰውዬ ትሰጣለች። አፌን ዘጋሁ። አቶ መኩሪያ ራሳቸው ጽፈው የፈረሙበትንና ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እጄ ላይ አደረጉልኝ። በቀኑ ጨርሶ የመጣ ብቸኛው የሰፈራችን ግብር ከፋይ እኔ ነበርኩ፤ እኔም ቅጼን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ክፍሏ ተረፈች። ወረቀቱ ግን አላስተኛኝም። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ሐሰት ተጽፎ... ቢያንስ ሟቿ ይወቁ ብዬ በማግሥቱ አውሮፕላን ማረፊያውን ዞሬ በጭቃው ቡልቡላ ወረድኩ።

እትዬ ደስታ ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው። ንባብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሚባል ነገር ሳያነቡ አያልፉም። ከእጄ ወሰዱና ጣታቸውን ከየፊደሉ ሥር እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡ።

«በ...አክ...ስቷ... ሞት... ምክ...ንያት...» ቀና አሉ። «እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት። እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ነገሩ እንዴት መሰለዎት...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።» ጣታቸው ቀጠለ። «የ...አሥራ... አም...ስት... ቀን...» ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ።

ረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አሥራ አምስት ቀን?» አሉ። «ለኔ? አርባዬ እንኳ ሳይወጣ?»

ለቀሪው ሃያ አምስት ቀን እዚያው እፊታቸው ቁጭ ብዬ ማመልከቻ እንድጽፍ አዘዙኝ።